256ኛው ዙር

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ያኪማ በምትባል ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ውስጥ፣ በጥር 1987 አንድ የካንሰር ሕመምተኛ ቴራክ-25 በሚባል የጨረር ማሽን ሥር ተጋደመ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ የእኛ ሲመጣ እነግራችኋለሁ።) የታዘዘለት ጨረር በድምሩ 86 ራድ ነበር። ማሽኑ ጨረሩን ለጥቂት ሰከንድ ለቅቆ በራሱ ቆመ። ሕመምተኛው ደረቱ ላይ የማቃጠል ስሜት እንደተሰማው ተናገረ። በኋላ ሲሰላ የደረሰበት ጨረር ከ8,000 እስከ 10,000 ራድ ሊሆን እንደሚችል ታወቀ። ሰውዬው በሚያዝያ ሞተ።

ማሽኑ ውስጥ የሚዞር ገበታ ነበረው። ገበታው በአንድ በኩል ሲቆም ኃይለኛውን ጨረር የሚገራውን ብረት ከፊቱ ያደርጋል፤ በሌላ በኩል ሲቆም ደግሞ ሕመምተኛውን አስተካክሎ ለማስተኛት የሚረዳ መብራትና መስተዋት ብቻ ነው ያለው። ገበታው በመብራቱ በኩል እያለ ጨረር ከተለቀቀ የሚያግደው ነገር የለም ማለት ነው። የቴራክ-25 ታላላቅ ወንድሞች ይህ እንዳይሆን የሚከለክል የማይሞት የማይሰለች መካኒካል መቆለፊያ ነበራቸው። በአዲሱ ላይ ግን ጥበቃው በአብዛኛው ለሶፍትዌሩ ተተወ። ብረት ውድ ነው፤ ሶፍትዌር ደግሞ አይዝግም፣ አያልቅም፣ አይሰበርም ተባለ።

ታዲያ ሶፍትዌሩ ምን አደረገ? ባለሙያው ሕመምተኛውን እያስተካከለ ሳለ አንዲት ትንሽ የፕሮግራም ቁራጭ ከኋላ ሆና ትዞራለች። በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ትዞራለች። በየዙሩ አንዲት ቆጣሪ ላይ 1 ትጨምራለች። ቆጣሪዋ ዜሮ ካልሆነች «ገና ነው፣ ገበታው የት እንዳለ አጣራ» ማለት ነው፤ ዜሮ ከሆነች «ሁሉ ደህና ነው፣ እለፍ»። ቆጣሪዋ የተሰጣት ማኅደር ግን 8 ቢት ብቻ ነው። 8 ቢት ከ0 እስከ 255 ይይዛል። 255 ላይ 1 ሲጨመር ወዴት ይሄዳል? ወደ ዜሮ! በየ256ኛው ዙር ቆጣሪዋ ለቅጽበት «ሁሉ ደህና ነው» ትላለች። ባለሙያው «አዘጋጅ» የሚለውን ቁልፍ ልክ በዚያች ቅጽበት ከተጫነ ማጣራቱ ይዘለላል። ያኪማ ላይ የሆነው ይህ ነው።

ናንሲ ሌቭሰንና ክላርክ ተርነር የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን አብጠርጥረው በ1993 አሳተሙት። እስከ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል። እኔን ግን ከአደጋው እኩል የሚያስገርመኝ መፍትሔው ነው፤ በየዙሩ 1 መደመሩ ቀርቶ ዜሮ ያልሆነ አንድ ቁጥር እንዲጻፍ ተደረገ። አለቀ። አንድ መስመር!

እንግዲህ የዛሬው ወጋችን ስለዚህ ነው፤ ስለ ቁጥርና ስለ ማኅደሩ፣ ከዚያም በመካከላቸው ስለሚገባው አስተርጓሚ። «ይሄ የኮምፒውተር ሰዎች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን ልትገለብጡ ከሆነ ትንሽ ታገሡ። የባንክ ደብተራችሁም፣ የስልካችሁም ሰዓት፣ ይህች «ሀ» የምትባል ፊደላችንም እዚሁ ውስጥ አሉበት።

ኮምፒውተር እንደ ሰው ቁጥርን ዝም ብሎ በሐሳቡ አይዝም። እህል በቁና እንደሚሰፈር ሁሉ ቁጥርም በዕቃ ነው የሚቀመጠው። ጣሳ አለ፣ ቁና አለ፣ ጎተራ አለ። ባለ 8 ቢቱ ጣሳ 256 ዓይነት ቁጥር ይይዛል፤ ባለ 16ቱ 65,536፤ ባለ 32ቱ ከ4 ቢሊዮን በላይ። ከዜሮ በታች ያለውንም እንዲይዝ ከተፈለገ ግማሹ ቦታ ለኔጌቲቩ ይሄዳልና ባለ 16 ቢቱ ወደ ላይ 32,767 ላይ ያቆማል፣ ባለ 32ቱ 2,147,483,647 ላይ። ከዚያ በኋላ 1 ሲጨመር አብዛኛው ማሽን ቁልቁል ይወረወራል፤ ከሁለት ቢሊዮን ትርፍ ወደ ሁለት ቢሊዮን ዕዳ! የድሮ ታክሲ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ 99999 ሞልቶ ወደ ዜሮ ሲመለስ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ልዩነቱ ባለታክሲው መኪናዬ አዲስ ሆነች ብሎ አለማመኑ ነው። ኮምፒውተር ያምናል።

ከትልቁ ዕቃ ወደ ትንሹ መገልበጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሰኔ 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓውያን ሮኬት ከፈረንሳይ ጊያና፣ ከኩሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣች። በ40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ አየር ላይ ተበታተነች። ከእርሷ ጋር ክላስተር የሚባሉ አራት የምርምር ሳተላይቶች ጠፉ። በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በዣክ ሉዊ ሊዮንስ የተመራው አጣሪ ቡድን በዚያው ዓመት በሐምሌ ሪፖርቱን አወጣ። ከአግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘ አንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ 16 ቢት ዕቃ ሲገለበጥ አልበቃውም። ሶፍትዌሩ የተወሰደው ከአሪያን 4 ነበር፤ ያቺ ደግሞ ሲፈጥራት እርጋታ ነበራትና ቁጥሩ ከዕቃው ሞልቶ አያውቅም። ሰባት እንዲህ ያሉ አደገኛ መገልበጫዎች ተለይተው ነበር። ማሽኑ ሥራ እንዳይበዛበት ተብሎ አራቱ ሲጠበቁ ሦስቱ ባዶአቸውን ተተዉ። መጠባበቂያው ኮምፒውተር ሊያድናት አይችልም ነበር? እርሱም ያንኑ ሶፍትዌር ነው የያዘው፤ እንዲያውም ቀድሞ የወደቀው እርሱ ነው። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ያ የስሌት ቁራጭ ሮኬቷ ከተነሣች በኋላ ለአሪያን 5 ምንም ጥቅም አልነበረውም።

እስካሁን በነገርኳችሁ በሁለቱ ታሪኮች ጥፋቱ የጸሐፊዎቹ ነው። አስተርጓሚው ንጹሕ ነው። አሁን ወደ እርሱ እንሂድ።

ፕሮግራም ጸሐፊ የሚጽፈው ለሰው ዓይን በሚመች ቋንቋ ነው። ማሽኑ ግን ያንን አያውቅም፤ የሚያውቀው የራሱን የዜሮና የአንድ ትእዛዝ ነው። በመካከል የሚቆመው አስተርጓሚ ኮምፓይለር ይባላል። ስለ አስተርጓሚ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ የት እንዳደረሰን ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል። ኮምፓይለር ደግሞ መተርጎም ብቻ አይደለም ሥራው። «ይሄ ዐረፍተ ነገር ረዝሟል ላሳጥረው፣ ይሄ ተደግሟል ላውጣው፣ ይሄ ከፊት ቢመጣ ይፈጥናል» እያለ ያቃናል። ይህን ማቃናት ነው የሙያው ሰዎች ኦፕቲማይዜሽን የሚሉት።

ነገሩ የተጀመረው በክፋት አይደለም። ግሬስ ሆፐር የተባለችው አሜሪካዊት የሒሳብ ሊቅ፣ በኋላ የባሕር ኃይል አድሚራል፣ ኤ-ዜሮ የተባለውን ፕሮግራሟን በ1952 ስትሠራ ብዙዎች ኮምፒውተር ፕሮግራም ሊጽፍ አይችልም ይሉ ነበር። (በኮምፒውተር ውስጥ የተገኘችውን የእሳት ራት ታሪክ የምታወራውም እርሷ ናት፤ በ1947 ሃርቫርድ በነበረ ማሽን ውስጥ ተገኝታ መዝገብ ላይ በፕላስተር ተለጥፋለች። ስህተትን «ነፍሳት» ብሎ መጥራት ግን ከዚያ በፊትም ነበረ፤ ኤዲሰን በ1878 ደብዳቤው ላይ ጽፎታል። እኛ ብንሰይመው ኖሮ «ነቀዝ» እንለው ነበር እላለሁ። ከውጭ ደህና የሚመስለውን እህል ከውስጥ ባዶ የሚያደርገው እርሱ ነዋ!) ከዚያ ጆን ባከስ መጣ። በአይ ቢ ኤም ጥቂት ሰዎች ይዞ ፎርትራንን በ1957 አደረሰ። የባከስ ጭንቀት አንድ ነበር፤ አስተርጓሚዬ የሚያወጣው ትእዛዝ ሰው በእጁ ከሚጽፈው ከዘገየ ማንም አይነካውም አለ። የማሽን ሰዓት በዚያን ጊዜ ከሰው ደሞዝ ይወደድ ነበርና እውነቱን ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ አቃኝ አድርጎ ሠራው፤ በተለይ ዙሮቹን። ባልደረቦቹ የራሳቸው ፍጥረት ያወጣውን ትእዛዝ ሲያዩ ይደነቁ እንደነበር ባከስ በኋላ ጽፏል፤ እኛ ፕሮግራም ስንጽፍ የማናስበውን ነገር ነበር የሚያደርገው ይላል። ልጅ አባቱን ሲበልጠው የመጀመሪያዋ ቀን መሆኗ ነው።

ለምን በተለይ ዙሮቹን? ማሽን ሕይወቱን የሚያሳልፈው እዚያ ነው። የአንድ ሚሊዮን ደንበኞችን ወለድ የሚያሰላ ፕሮግራም አሥር መስመር ሊሆን ይችላል፤ ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል። ከዙሩ ውስጥ አንዲት ትእዛዝ ብታወጣ ሚሊዮን ትእዛዝ አወጣህ። እናም ኮምፓይለሮች ሁሉ ዓይናቸው ዙር ላይ ነው፤ ነቀዙም የሚፈለፈለው እዚያው ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ ሲ የሚባለውን ቋንቋ ሠራ። ዛሬ የምንጠቀምባቸው የኮምፒውተርና የስልክ ሥርዓቶች መሠረታቸው በአብዛኛው ሲና ልጆቹ ናቸው። ሲ ለማሽን የቀረበ፣ ፈጣን፣ በጸሐፊው የሚተማመን ቋንቋ ነው። ትልቁን ቁና ወደ ትንሹ ጣሳ ስትገለብጥ «ይፈሳል» ብሎ አይጮህም፤ የተረፈውን ዝም ብሎ ይደፋዋል። ኔጌቲቭ የማይዝ ዕቃና ኔጌቲቭ የሚይዝ ዕቃ አንድ ላይ ሲመጡም የራሱ ሕግ አለው። ከሕጎቹ አንዱን ልንገራችሁ፦ ኔጌቲቭ 1ን ኔጌቲቭ ከማይዝ 1 ጋር «ማን ይበልጣል?» ብላችሁ ብትጠይቁት ኔጌቲቭ 1 ይበልጣል ይላችኋል! ሳይነግራችሁ ኔጌቲቭ 1ን ወደ 4,294,967,295 ለውጦታልና። በ1989 ሕጉን በወጉ የጻፈው ኮሚቴ ራሱ ከእነዚህ የመለዋወጥ ሕጎች አንዱን ሲቀይር፣ ከቀየርናቸው ሁሉ አደገኛው ይህ ነው ብሎ አስታውቋል። ለምን አደገኛ? ፕሮግራሙ እንደ ድሮው ይተረጎማል፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው።

እስኪ አንድ የመጋዘን ቆጠራ እናስብ። ከ0 እስከ 9 የተቆጠሩ አሥር የጤፍ ጆንያዎች አሉ። ፕሮግራሙ ከኋላ ይጀምርና «ቁጥሩ ዜሮ ወይም ከዜሮ በላይ እስከሆነ ድረስ ጆንያውን መዝግብ፣ ከዚያ 1 ቀንስ» ይላል። ለሰው የጠራ አማርኛ ነው። ቆጣሪው ኔጌቲቭ የማይዝ ዕቃ ከሆነ ግን ዜሮ ላይ 1 ሲቀነስ ከአራት ቢሊዮን በላይ ይሆናል፤ ይኸውም ከዜሮ በላይ ነው። ዙሩ አያልቅም። እዚህ ላይ አስተርጓሚው ይገባል፦ «ይህ ዕቃ መቼም ቢሆን ከዜሮ አያንስም፤ ስለዚህ ጥያቄው መልሱ ሁልጊዜ አዎን ነው፤ ሁልጊዜ አዎን የሆነ ጥያቄ ምን ያደርጋል?» ብሎ ጥያቄውን ጨርሶ ያወጣዋል። ከሕግ አንጻር አንዲት ስህተት የለበትም። ተከራከሩት ቢባል ፍርድ ቤት የሚረታው እርሱ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሕጉ ዝም ያለበት ቦታ ነው። ኔጌቲቭ የሚይዝ ሙሉ ቁጥር ሞልቶ ሲፈስ ምን ይሁን? የሲ ሕግ መልሱ «አልተደነገገም» ነው። በዚያን ዘመን ማሽኖች ኔጌቲቭን የሚጽፉበት መንገድ የተለያየ ስለነበር ሁሉንም ላለማስቀየም ተብሎ ነው። የሙያው ሰዎች «አልተደነገገም» ማለት ከአፍንጫህ ሰይጣን ቢወጣም ሕጉ አይከለክልም ማለት ነው እያሉ ይቀልዳሉ። ለብዙ ዓመት ማንም አልተቸገረም፤ ማሽኑ ዞሮ ኔጌቲቭ ይሰጣል፣ ጸሐፊውም ይህን አውቆ «ደምሬ ካነሰ ሞልቶ ፈሷል ማለት ነው» ብሎ ይፈትሻል። በኋላ ግን አስተርጓሚዎቹ ሕግ መጥቀስ ተማሩ። «ሞልቶ መፍሰስ ሕግ የማያውቀው ነገር ነው፤ ደህና ፕሮግራም ሕግ የማያውቀውን አያደርግም፤ ስለዚህ አይፈስም፤ ስለዚህ ደምሮ ሊያንስ አይችልም፤ ስለዚህ ይህ ፍተሻ ትርፍ ነው» ብለው አወጡት። ዘበኛውን «ሌባ መግባት ክልክል ስለሆነ ሌባ አይመጣም፣ አንተም ሂድ» ብሎ እንደ ማሰናበት ነው!

በ2007 በእውቁ ነጻ ኮምፓይለር በጂ ሲ ሲ ላይ ይኸው ተነሥቶ ከባድ ጭቅጭቅ ሆነ። አንድ ፕሮግራመር የደኅንነት ፍተሻዬን ሰረቃችሁኝ አለ፤ ሠሪዎቹ ሕጉን አንብብ አሉት። በ2008 የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ደኅንነት ማዕከል ኮምፓይለሮች እንዲህ ያሉ ፍተሻዎችን ድምፅ ሳያሰሙ ሊጥሉ ይችላሉ ብሎ አስጠነቀቀ። የሊነክስ ሰዎች ከ2009 ጀምሮ በሥራቸው ላይ ይህ ማቃናት እንዳይሠራ ለኮምፓይለሩ ያዝዛሉ። ለሠሪዎቹም ግን ፍርድ እንስጥ። ባለ 64 ቢት ማሽን ሲመጣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቆጣሪያቸውን በባለ 32ቱ ዕቃ እንደጻፉት ቀሩ። አስተርጓሚው በየዙሩ ከ32 ወደ 64 ከሚገለብጥ አንዴ ገልብጦ በትልቁ ቢቀጥል ይፈጥናል፤ ይህን በድፍረት ማድረግ የሚችለው ግን ቆጣሪው ሞልቶ አይዞርም ብሎ ካመነ ነው። ፍጥነቱን እኛው ነን የጠየቅነው። ያም ሆኖ እኔ ብጠየቅ ዘበኛው ቢመለስ እመርጣለሁ።

መጋቢት 2013 የወጣው ጂ ሲ ሲ 4.8 ደግሞ ታሪክ ሠራ። ዙሮች ስንት ጊዜ እንደሚዞሩ ከሕጉ ተነሥቶ የሚገምት አዲስ ብልሃት ተጨመረበት። ያን ጊዜ በዓለም ላይ ኮምፓይለሮችን የሚያወዳድሩበት ስፔክ 2006 የሚባል ፈተና ነበር። በፈተናው ውስጥ ካሉት ፕሮግራሞች አንዱ፣ የቪዲዮ መጭመቂያው፣ አንድ ዙር ነበረው። 16 ክፍል ካለው ሰንጠረዥ እየቆጠረ ያነባል፤ ነገር ግን መጨረሻ ላይ «ጨርሻለሁ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት 17ኛውን፣ የሌለውን፣ ያነባል። ያነበበውን አይጠቀምበትም፤ ለዓመታት ማንንም አልጎዳም። አዲሱ ኮምፓይለር ግን «17ኛውን ማንበብ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ቆጣሪው እዚያ አይደርስም፤ ስለዚህ አልጨረስኩም» ብሎ ጥያቄውን አወጣው። ዙሩ ዘላለማዊ ሆነ። የፈተናው ወረቀት ራሱ ወደቀ እንበል? ሠሪዎቹ ይህ እንደሚሆን በመግለጫቸው ላይ ጽፈው፣ ብልሃቱን የሚያጠፋ ማዘዣ ጨምረው፣ ኮምፓይለሩን ግን እንደዚያው አወጡት።

«ታዲያ ሁልጊዜ ጸሐፊው ነው ጥፋተኛ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2011 ኦራክል ጃቫ 7ን አወጣ። ጃቫ ላይ ቁጥር ሞልቶ ሲፈስ ምን እንደሚሆን ሕጉ በግልጽ ደንግጓል፤ ይዞራል። ሰይጣንም አፍንጫም የለም። ሆኖም ሉሲንና ሶልር የተባሉትን የፍለጋ ፕሮግራሞች የሚሠሩ የአፓቺ ሰዎች በዚያው ዕለት «አትጠቀሙበት» ብለው አስጠነቀቁ። የጃቫ 7 አቃኝ አንዳንድ ዙሮችን አበላሽቶ ይተረጉም ነበር። ፕሮግራሙ ወይ ድንገት ይወድቃል፣ ወይ ደግሞ የከፋው፣ ሳይወድቅ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ስህተቱ የታወቀው ሊወጣ አምስት ቀን ሲቀረው ስለነበር ለማረም ጊዜ አልተገኘም ተባለ። ድግሱ ተጠርቷል፣ ወጡ ቢያርም ይቀርባል! በጥቂት ወራት ውስጥ ተስተካከለ።

እንዲህ ያለውን ነቀዝ መልቀም ደግሞ የራሱ ስቃይ አለው። ጸሐፊው ዙሩ ውስጥ «እዚህ ጋ ቁጥሩ ስንት ነው?» የሚል አንዲት መስመር ሲጨምር ስህተቱ ይጠፋል። መስመሯ ስትገባ አስተርጓሚው አደራደሩን ለወጠ፤ እንግዳ ሲመጣ ጨዋ እንደሚሆን ልጅ። መስመሯን ሲያወጣት ስህተቱ ይመለሳል። ማቃኛውን አጥፍቶ ሲሞክር ሁሉ ሰላም ነው፤ አብርቶ ለደንበኛ ሲልከው ይወድቃል። ሰው ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። የለመዱት ሰዎች መንገዳቸው ትዕግሥት ነው፤ ፕሮግራሙን እየቆረጡ፣ ስህተቱ አሁንም እንዳለ እያዩ፣ ከሺህ መስመር ወደ አሥር መስመር ያወርዱታል። ማቃኛዎቹን አንድ በአንድ ያጠፋሉ። በመጨረሻም አስተርጓሚው የጻፈውን የማሽን ትእዛዝ ገልጠው ከዋናው ጋር ጎን ለጎን ያነባሉ።

ስንቱ ነቀዝ አለ? የዩታ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሹጁን ያንግ፣ ያንግ ቼን፣ ኤሪክ አይድና ጆን ሬገር ሲስሚዝ የሚባል ፕሮግራም ሠሩ። ሥራው ማንም ያልጻፋቸውን የሲ ፕሮግራሞች በዘፈቀደ እየፈጠረ ለተለያዩ ኮምፓይለሮች መስጠትና መልሳቸው ከተለያየ መያዝ ነው። በ2011 ባሳተሙት ጽሑፍ በሦስት ዓመት ውስጥ ቀድሞ ያልታወቁ ከ325 በላይ ስህተቶች ማግኘታቸውን ገለጹ። የፈተኑት ኮምፓይለር ሁሉ፣ ያለ አንድ ቀሪ፣ ወይ ወድቋል ወይ ዝም ብሎ ተሳስቷል። በፈረንሳይ ዣቪየር ለሯ የመራው ኮምፕሰርት ብቻ ነው ለየት ያለ ውጤት ያሳየው። ያኛው ትርጉሙ ትክክል መሆኑ በሒሳብ የተረጋገጠ ኮምፓይለር ነው፤ በተረጋገጠው ክፍሉ፣ በማቃኛው ውስጥ፣ ሌሎቹ ላይ የታየው ዓይነት ስህተት አልተገኘበትም።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ይኸው የዕቃና የመጠን ጉዳይ ፊደላችንን ሲያስጨንቅ ኖሯል። ፊደላችን ከነዲቃሎቹ፣ ከነአኃዞቹና ከነነጥቦቹ ከ256 ይበልጣል። የያኔው ኮምፒውተር ለአንድ ፊደል የሚሰጠው 8 ቢት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች አንዳንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፣ አንዳንዱ እግሩንና ቀለበቱን ለብቻ እየለጠፈ ጻፈው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት እንቆቅልሽ ሆኖ ይመጣል። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ። «ሀ» 4608ኛ ቁጥር ላይ ተቀመጠች። ይህን ቁጥር ሳያስብ ወደ 8 ቢት ጣሳ የገለበጠ ፕሮግራም ምን ያገኛል? 4608 በ256 ሲካፈል 18 ደርሶ ቀሪው ዜሮ ነው። «ሀ» ዜሮ ትሆናለች። በሲ ደግሞ ዜሮ «ጽሑፉ እዚህ አበቃ» ማለት ነው! «ሀገር» ብለህ ብትጽፍ ባዶ ወረቀት። «ለ» እና «ገ» አንድ ይሆናሉ፣ «ሸ» እና «ጸ» አንድ ይሆናሉ። ሁሉም ኮምፒውተር እንግሊዝኛ ብቻ ይጽፋል ብሎ ያሰበ ሰው ጣሳ ነው ይህን የሚያደርገው።

ገና ያልደረሰው ቀጠሮ ደግሞ የሰዓት ነው። ብዙ ማሽኖች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ሰከንዶቹ በባለ 32 ቢት ዕቃ ከተቀመጡ 2,147,483,647 ላይ ይሞላሉ። ለሊነክስ በ2020 በወጣው 5.6 ላይ ባለ 32 ቢት ማሽኖችም ጊዜን በባለ 64 ቢት እንዲይዙ ተዘጋጅቷል። የሚያሠጋው አሮጌው ዕቃ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ ምሰሶ ላይ ተተክሎ ማንም የማያድሰው። ከእርሱም ይልቅ አዲስ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ፣ ከዙሮች በአንዱ፣ 64ቱን ወደ 32 የሚገለብጥ አንድ የተረሳ መስመር።

ቀኑ በፈረንጆቹ ጥር 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ነው። ሰዓቱ በአዲስ አበባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ፤ ታቦታቱ ባደሩበት፣ ሕዝቡ ነጠላውን ተከናንቦ ውኃው ዳር በቆመበት። በ8ኛው ሰከንድ ያልታደሰ ማሽን ካለ ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ምሽት ብሎ ይጽፋል። አጼ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው፤ ባቡሩ ገና ድሬዳዋ አልደረሰም።